ስለ ነገ ማሰብና ስለ ነገ መጨነቅ

ሰው ከእንስሳት ከሚለይባቸው ጠባዮች አንዱ ገና ያልመጣውን ቀን አስቀድሞ በልቡ ማየቱ ነው። ላም ሣሯን ትግጣለች፤ ነገ ሣር ይኖር እንደ ሆነ ወይም አይኖር እንደ ሆነ አትመረምርም። ሰው ግን ዛሬ ጠግቦ ሳለ የነገው ረሃብ ይታየዋል፤ ልጁ በፊቱ እየተጫወተ ሳለ የሚታመምበት ቀን ይታሰበዋል። ይህ አርቆ የማየት ሀብት ከፈጣሪ የተሰጠው ነው፤ በእርሱ እህሉን በጎተራ ያከማቻል፥ በእርሱም ቤቱን ክረምት ሳይገባ ይከድናል። ነገር ግን ይኸው ሀብት አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱን መልሶ የሚገርፍ ጅራፍ ይሆናል። ሰውየው በመኝታው ላይ ሆኖ ያንኑ አንድ ነገር አምሳ ጊዜ ያመላልሳል፤ ልቡ ይመታል፥ እንቅልፉ ይሸሻል፥ ሌሊቱም ይነጋል፤ ሲነጋ ግን የተሠራ ነገር የለም። የፊተኛውን ሐሳብ እንለዋለን፤ የኋለኛውን ጭንቀት እንለዋለን። ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ስለ ሆኑ ብዙ ሰው አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ስለ ኑሮው ቢጨነቅ ኃጢአት ይሆንበታልን? ጭንቀቱስ የእምነቱን ጉድለት ያሳያልን? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት መጽሐፍ በመመርመር ብቻ አይደለም፤ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በወላይታ ሶዶ ከተማ ሳገለግል ከደረሰብኝ ነገር የተነሣ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከዛፍ ሥር ቀርባ አነጋገረችኝ። ነገሩ በኑዛዜ የተነገረ አይደለም፤ በኑዛዜ የተነገረ ቢሆን ኖሮ ከእኔ ጋር ወደ መቃብር በወረደ ነበር። «አባቴ፥ ልጄ በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ አራት ወር ሆነው፤ ድምፁን ከሰማሁ አርባ ቀን አለፈ። እህል አልበላ አለኝ፤ ሌሊት ሌሊት ስልኩ የጮኸ እየመሰለኝ እነሣለሁ» አለችኝ። እኔም የሚጠብቀኝ ሌላ ጉዳይ ስለ ነበረ ሳልቀመጥ፥ «ልጄ፥ እምነትሽን አጽኚ፤ የሚያምን ሰው አይጨነቅም» ብዬ መስቀል አሳልሜ አሰናበትኋት። ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድ ሳላያት ቀረሁ። ጎረቤቷን ብጠይቅ፥ «አባ እምነት የለሽም ስላሏት ከሰው መካከል ለመቆም አፈረች» ብላ ነገረችኝ።

ይህ ቃል እንደ ጦር ወጋኝ። ስለ ልጇ መጨነቋ አንድ ሸክም ነበረ፤ ስለ መጨነቋ ማፈሯ ሁለተኛ ሸክም ሆነባት፤ ሁለተኛውን ያሸከምኋትም እኔ ነበርሁ። ሴቲቱ የፈራችው በከንቱ አልነበረም። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ አገር በቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ስደተኞች ታፍነው ሞተው መገኘታቸውን፥ ኢትዮጵያውያንም መሆናቸው መነገሩን እርሷም እንደ ማንኛችንም ሰምታለች። እንግዲህ እንዲህ ያለውን መንገድ የያዘ ልጅ ያላት እናት ባትጨነቅ ኖሮ እናት ናት ማለት ይቻል ነበርን?

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ፍርሃት ራሱ ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል። እኔ በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ አንግቼ፥ በየመንደሩ እየለመንሁ የተማርሁ ነኝ። የቆሎ ተማሪ ከረሃብና ከብርድ ይልቅ የሚፈራው የመንደር ውሻ ነው። እኔም ወደ ልመና ከመውጣቴ በፊት ገና በጎጆዬ ሳለሁ ውሻው እየታየኝ እንቀጠቀጥ ነበር። መምህሬ ይህን አይተው አልተቆጡኝም፥ ፈሪም አላሉኝም፤ ወደ ዱር ወስደው ዱላ አስቈረጡኝና ውሻ ሲመጣ እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ፤ ከአንድ ታላቅ ተማሪ ጋርም አጣመሩኝ። ከዚያ ወዲህ ውሻውን መፍራቴ አልቀረም፤ ነገር ግን ፍርሃቴ ከጎጆዬ ወጥቶ ወደ ዱላዬ ገባ። በዚያን ጊዜ ነገሩን አላስተዋልሁትም። አሁን ግን ሳስበው የኔታ በአንድ ቀን ሁለት ትልልቅ መድኃኒቶችን ሰጥተውኝ ነበር፤ አንደኛው ለእጅ የሚሆን ሥራ፥ ሁለተኛው ለመንገድ የሚሆን ጓደኛ ነው።

የሕክምና ሊቃውንትም ይህን በራሳቸው መንገድ ያስረዳሉ። ሰው አደጋ ባየ ጊዜ ከኩላሊቶቹ በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚመነጭ ቅመም ወደ ደሙ ይገባል፤ በዚህም ልቡ ይፈጥናል፥ ትንፋሹ ያጥራል፥ ጡንቻው ይወጠራል። ይህ ሁሉ ለመሸሽ ወይም ለመታገል የሚያዘጋጀው መልካም ሥርዓት ነው። ችግሩ የሚመጣው አደጋው በፊቱ ሳይኖር በሐሳቡ ብቻ ሲሣል ነው፤ ሥጋ የታየውንና የታሰበውን ለይቶ አያውቅምና በመኝታው ላይ ያለው ሰው እንደሚሮጥ ሰው ይደክማል። ራሱን የሚያመው፥ ሆዱን የሚቈርጠው፥ ደረቱ የሚጨነቀውና ሐኪም መርምሮ ምንም ደዌ ያላገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ የደከመ ነው። በዚህ ጊዜ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማስገባትና ከገባበት ይልቅ አዘግይቶ ማስወጣት ልብን እንደሚያረጋጋ ሐኪሞች ይመክራሉ። እኛ የዜማ ተማሪዎች ይህን ምክንያቱን ሳናውቅ ቀምሰነዋል፤ በግዕዝ ዜማ ረጅሙን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ እየሳበ ሌሊቱን የቆመ ሰው ሲነጋ ልቡ እንደ ረጋ ውኃ ሆኖ ይገኛል። ጸሎትንም በችኮላ ከመደርደር ይልቅ በቀስታና በትንፋሽ ልክ ማድረስ ለነፍስም ለሥጋም ይጠቅማል።

እንግዲህ ፍርሃት በተፈጥሮ የተሰጠ ጠባቂ ከሆነ፥ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ያስተማረው ትምህርት እንዴት ይተረጐማል? አንዳንዶች ይህን ክፍል ይዘው ማሰብና መሥራት እንደማያስፈልግ፥ የሚጨነቅም ሁሉ እንደሚወቀስ አድርገው ይናገራሉ። ነገር ግን በዚያ ምሳሌ የተጠቀሱት የሰማይ ወፎች ሥራ ፈቶች አይደሉም፤ ጎህ ሳይቀድ ከጎጆአቸው ይወጣሉ፥ ምግባቸውን ፈልገው ለጫጩቶቻቸው ያደርሳሉ። የማያደርጉት ነገር ቢኖር ሌሊት በቅርንጫፋቸው ላይ ሆነው የነገውን ጥሬ መቍጠር ነው። ዮሴፍም በግብፅ ምድር የሰባቱን ዓመት ረሃብ በእግዚአብሔር መገለጥ ባወቀ ጊዜ ጎተራ አሠርቶ እህል አከማቸ እንጂ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ስለ ነገ ማሰቡ ከእምነቱ የመነጨ ሥራ ነበረ።

የተጨነቀውን ሰው እግዚአብሔር እንዴት እንደሚያነጋግረው ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 የተጻፈውን የነቢዩ የኤልያስን ታሪክ ይመልከት። ያ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአኩ በመጣ ጊዜ እምነትህ ወዴት ሄደ ብሎ አልወቀሰውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ከበላም በኋላ ተወው፥ ተኛ፤ ደግሞ ቀስቅሶ ሁለተኛ አበላው። ቃለ እግዚአብሔር የመጣለት ከምግቡና ከእንቅልፉ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብቤ ተርጉሜአለሁ! ነገር ግን ያች እናት ከዛፍ ሥር በፊቴ በቆመች ጊዜ አላስታወስሁትም።

አሁን ደግሞ ከመጽሐፍ ወደ ማሳው እንመለስ፤ የወላይታ ምድር ራሷ በዚህ ነገር ላይ ትልቅ መምህር ናትና። ወላይታ ሲያዩአት ለምለም ናት፤ ሕዝቡ ግን ብዙ፥ መሬቱም ጠባብ ነው፤ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ ማሳ ላይ የሚኖረው ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። ሳፒያ የሚባለው የጥቅምት አካባቢ ዝናም የቀረ እንደ ሆነ የስኳር ድንቹ ይጠፋል፤ የበልጉም ዝናም የዘገየ እንደ ሆነ በቆሎው ሳይደርስ ጎተራው ይራቈታል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞም በ1992 ዓ.ም. በዚህ ምድር የደረሰውን ረሃብ ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሰው ስለሚራብ አረንጓዴ ረሃብ እስከ መባል ደርሶአል። እንግዲህ ሣሩ ለምልሞ እያየ ልጁ የሚከሳበት አባት የሚሰማውን ጭንቀት ሌላ አገር ያለ ሰው በቀላሉ ሊረዳው አይችልም።

በዚህ መካከል ግን እንሰት አለ። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚበላ አይደለም፤ እንደ ቦታው ጠባይ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ገበሬው ችግኙን ከቤቱ ጓሮ ሲተክል ከስድስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን የክፉ ቀን ረሃብ በዐይኑ አይቶ ነው። ከተከለ በኋላ ፍግ ያለብሰዋል፥ ይኮተኩተዋል፥ በጊዜውም አንሥቶ ቦታ አስፍቶ ይተክለዋል፤ ከዚያም ገብቶ ይተኛል። ሌሊት ተነሥቶ ግንዱን እየጎተተ ቶሎ እንዲያድግ የሚያስገድድ ገበሬ አልታየም። ሐሳብ ማለት እንዲህ ነው፤ ነገን አይቶ ዛሬ የሚቻለውን መትከል፥ የቀረውንም ለሚያሳድገው መተው።

ደግሞም አጠውልግ የሚባለው በሽታ እንሰቱን ሲመታው ያየ ሰው በሐሳብና በጭንቀት መካከል ያለውን ልዩነት በግልጥ ያያል። ይህ በሽታ ከታመመው ተክል ወደ ጤናማው ከሚሸጋገርባቸው መንገዶች አንዱ ቢላዋ ነው። አንዲት ሴት የጎረቤቷ እንሰት ጠውልጎ ብታይ ልትፈራ ይገባታል። ፍርሃቷም ቢላዋዋን በእሳት እንድታቃጥል፥ የታመመውንም ነቅላ እንድታርቅ፥ ቢላዋም ከመዋስ እንድትቆጠብ ካደረጋት ፍርሃቷ ጓሮዋን አዳነ። ነገር ግን ቢላዋውን ሳታጠራ ሌሊቱን ሁሉ ቅጠል ስትቈጥር ብታድር ጓሮዋም አይድንም፥ እርሷም ትታመማለች። ስለዚህ ሰው ጭንቀት በያዘው ጊዜ ራሱን አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ «በዚህ ነገር በእሳት የማጠራው ቢላዋ አለኝን?» ብሎ ነው። ቢላዋ ያለው እንደ ሆነ ተነሥቶ ያጥራው፤ ዛሬ የማይቻል ቢሆን ነገ የሚሠራበትን ሰዓት ቈርጦ ይተኛ።

ይህ ነገር የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በአጎራባቹ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። በዚያው ክረምት በወላይታም በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ናዳ ወርዶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው ዝናሙ ሌሊት በበረታ ቍጥር እንቅልፍ ቢያጣ፥ ዝም ብለህ እመን ብሎ ማስተኛት በደል ነው። ይህ ፍርሃት ሊሰማ የሚገባው መልእክተኛ ነው፤ መሬቱ ተሰንጥቆ፥ ዛፉ ዘምሞ፥ የምንጩ ውኃ ደፍርሶ እንደ ሆነ ማየትን፥ አስተዳደሩን መጠየቅን፥ በክረምት ወደ ደልዳላ ስፍራ መዛወርን ያዝዛል። እግዚአብሔርን ማመን ማለት የላከውን መልእክተኛ ከደጅ መመለስ አይደለም።

ነገር ግን እጅ የማይደርስበት ነገርስ ምን ይደረግ? በኬንያ በኩል ለወጣው ልጅ እናቱ የምታጠራው ቢላዋ ወዴት አለ? የብሔራዊውን ፈተና ጨርሶ ውጤት የሚጠብቀው ተማሪስ? በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከተፈተኑት መካከል የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.2 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በየቤቱ ልጁም ወላጁም ምን ያህል ሌሊት እንዳሳለፉ መገመት አያስቸግርም። የእንሰቱ ምሳሌ ለዚህ አይበቃም፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የኔታ የሰጡኝ ሁለተኛው መድኃኒት፥ ጓደኛው ነው።

ጌታችን በጌቴሴማኒ በሥጋው ወራት በተጨነቀ ጊዜ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ እስኪወርድ ድረስ እንደ ጸለየ ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 22 ጽፎልናል። ኃጢአት የሌለበት ጌታ ተጨነቀ ካልን፥ መጨነቅ ብቻውን ኃጢአት ነው ማለት አንችልም። ደግሞም ከደቀ መዛሙርቱ ሦስቱን ወስዶ ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ለምኖአቸዋል። ችግሩን እንዲያስወግዱለት አልጠየቃቸውም፤ ነቅተው አብረውት እንዲሆኑ ነው። እነርሱ ግን ተኙ። እኔም ያችን እናት ሳልቀመጥ ባሰናበትኋት ጊዜ ያደረግሁት እንደ እነርሱ መተኛት ነበር።

ጥፋቴን ካወቅሁ በኋላ ወደ ቤቷ ሄድሁ፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። በዚያን ቀን ምክር አልሰጠኋትም፤ ተቀምጬ ሰማኋት እንጂ። በሌላ ቀን ደግሞ ነገሩን በሁለት ከፈልነው። ሊደረግ የሚችለውን፥ ይኸውም አብረው የወጡትን ልጆች ቤተ ሰቦች መፈለግን፥ የጓደኞቹን ስልክ ማግኘትን፥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከትን በወረቀት ጽፈን ለየቀኑ ደለደልነው። ሊደረግ የማይችለውን በጸሎት ሰዓት ለእግዚአብሔር እንድትሰጠው፥ ከዚያ ሰዓት ውጭ ሲመጣባትም «ሰዓትህ ገና ነው» እንድትለው ተስማማን። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የጠቀማት ግን የእድሯ ሴቶች ያደረጉት ነው። በየተራ ከቤቷ እያደሩ ቡና አፈሉላት፥ ቆጮ ጋግረው አብረዋት በሉ፥ ከገበያም አላስቀሯትም።

እዚህ ላይ ስለ እድራችን አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ። በአገራችን እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፥ ወንበር ያወጣል፥ ሐዘንተኛውን ቀንና ሌሊት አይለየውም። ይህ ሥርዓት ብዙዎችን ከእብደትና ከሞት እንዳዳነ አልጠራጠርም። ታዲያ ይህን ሁሉ ፍቅር ለማሳየት አስከሬን እስኪወጣ መጠበቅ ለምን አስፈለገን? የወላይታ ሰው ለጊፋታ በዓል ወንዱ ለበሬው፥ ሴቷ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ እየቈጠበ በኅብረት ይዘጋጃል፤ ደስታውን ለብቻው አይደግስም። ጭንቀቱን ግን ለብቻው ይበላዋል፤ ገበናዬ ይወጣል ብሎ ይፈራልና። ሞት የደረሰበትን ቤት ለማጽናናት የምንሮጥ ሰዎች፥ ጭንቀት የገባበትንም ቤት በር ልናንኳኳ ይገባናል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሥራም፥ ጓደኛም፥ ጸሎትም እያለ ጭንቀቱ የማይለቅ ይሆናል። ለብዙ ወራት ያለ ምክንያት የሚያስፈራ፥ ከሥራና ከሰው የሚለይ፥ ድንገት ልብን አፍኖ የምሞት ነኝ የሚያሰኝ፥ ይልቁንም ሞትን የሚያስመኝ ሲሆን ይህ ደዌ ነው፤ እንደ ማንኛውም ደዌ ሐኪም ያስፈልገዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች በጭንቀት ሕመም የተያዙ ነበሩ። ታዲያ ይህን ሁሉ ሕዝብ እምነት የጎደለው ነው ልንለው ነውን? መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ እንዲወስዱ፥ አንዱም ሌላውን እንደማይከለክል በግልጥ ተናግረዋል። ስለ ሥጋ ደዌ የተነገረው ይህ ቃል ለልብ ደዌም ይሠራል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ኪኒኑን አይጣል፤ ኪኒን የሚውጥም ጠበሉን አይተው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ ስንመለስ መልሱ ይህ ይመስለኛል። መጨነቅ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ፍቅርና አርቆ ማየት ያለበት ልብ ሁሉ ይጨነቃል። ሊያስወቅሰን የሚገባው ግን ማድረግ የምንችለውን ሳናደርግ ቀርተን ጭንቀቱን በሥራ ፋንታ ማስቀመጣችን ነው፤ ከዚህም የሚብሰው የወንድማችንን ጭንቀት ሰምተን ሳንቀመጥ ማለፋችን ነው። ስለዚህ ካህናት አባቶችና ወንድሞች ሆይ፥ የተጨነቀ ሰው ወደ እኛ በመጣ ጊዜ ከቃል በፊት ወንበር እናቅርብለት፤ መልአኩ ለኤልያስ እንጎቻና ውኃ እንዳስቀደመ እኛም እንጀራውንና እንቅልፉን እናስቀድምለት። አንተም የምትጨነቅ አንባቢ ሆይ፥ ሊነጋ ሲል የሚነቃው ልብህ ጠላትህ እንዳልሆነ ዕወቅ፤ የምትወደው ነገር እንዳለህ የሚነግርህ ዘበኛህ ነው። ዘበኛውን አመስግነው፥ የተናገረውንም ስማው፥ ለሚሆነው ነገር ዱላህን አዘጋጅ፥ ለማይሆነውም ጓደኛህን ጥራ፤ ከዚያም ተኛ።

የዚያች እናት ልጅ እስከ ዛሬ ድረስ አልደወለም። እርሷ ግን አሁን በእሑድ ቅዳሴ በስፍራዋ ትቆማለች። በጓሮዋም አዲስ የእንሰት ችግኝ ተክላለች፤ ለማን እንደ ሆነ ስጠይቃት «ሲመጣ ይደርስለታል» አለችኝ። አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች፤ ሌሊቱን ግን ትተኛለች።